የሸክላው ድምፅ የት ገባ?

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደተጓዝን ወለቃን እናገኛለን። መንደሯ ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ መኖሪያ ነበረች፤ ወንዶቹ ብረት በመቀጥቀጥ፣ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ በመሥራት ይታወቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላው ሥራ ከአካባቢው አልጠፋም። እኛም ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ወደዚያ ያቀናነው አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ይዘን ነበር፦ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናን ወይም እንስራን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ስንጥቅ እንዳለበት የሚለዩት እንዴት ነው?

የተቀበሉን እናት በዕድሜ የገፉ ናቸው። ከእሳት የወጡትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየመቱ «ይህ ደኅና ነው፤ ይህ ግን ታሟል» እያሉ አስረዱን። «ልጆቼ፣ ስንጥቁ ለዓይን ሳይታይ በፊት ድምፁ ይታፈናል» አሉን። በተለይ አንድ ትልቅ እንስራ አጠራጥሯቸው ደጋግመው መቱት። ማይክሮፎናችንን ኡቡንቱ ከተጫነበት የአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ጋር አገናኝተን ለአርባ ደቂቃ ያህል ቀረጽን። ማታ ስናዳምጠው የእናታችን ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የሸክላው ድምፅ ግን የለም። «ይኸው ስሙት» ይላሉ፤ ከዚያ ጸጥታ ይሆናል። ቀጥሎም «ይኸኛውንስ?» ይላሉ፤ አሁንም ጸጥታ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ማይክሮፎኑን ነበር። ይሁን እንጂ ንግግርን አጥርቶ የሚይዝ ማይክሮፎን ከአጠገቡ የተመታን ጀበና የማይሰማበት ምክንያት የለም። ጥፋቱ የተገኘው ድምፁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከገባ በኋላ በተጓዘበት መንገድ ላይ ነው። የላፕቶፑ ባለቤት በኢንተርኔት ለሚከታተለው ትምህርት ኢዚ ኢፌክትስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጭኖ፣ በውስጡም አር-ኤን-ኖይዝ የተሰኘውን የሁካታ ማጣሪያ ከፍቶ ነበር። ይህ ማጣሪያ ንግግርንና ሁካታን እንዲለይ የሠለጠነ አነስተኛ የነርቭ መረብ ነው፤ ድምፁን በ22 የድግግሞሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ በየ10 ሚሊሰከንዱ የትኛው ክፍል እንዲያልፍና የትኛው እንዲታፈን ይወስናል። የሰው ድምፅ ያልሆነውን ሁሉ ያፍናል። ለእርሱ የጀበናው ድምፅና የኪቦርድ ኳኳታ ልዩነት የላቸውም። ሥራውን በትክክል ሠርቷል ማለት ነው፤ እኛ ግን የሄድነው እርሱ የጣለውን ፍለጋ ነበር። ወደ ፋይሉ የተጻፈውም ከማጣሪያው የወጣው ብቻ ስለሆነ የታፈነውን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ለመሆኑ ማጣሪያው በማይክሮፎኑና በመቅረጫው መካከል እንዴት ሊገባ ቻለ? ይህን ለመረዳት ሊኑክስ ድምፅን የሚያስተናግድበትን አሠራር በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። ያሮስላቭ ኪሴላ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው አልሳ፣ በ2003 መጨረሻ ከወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6 ጋር የተዋሐደ ሲሆን፣ ተግባሩ ሳውንድ ካርዱን በቀጥታ ማዘዝ ነው። በዚያን ጊዜ ሊኑክስን የሞከርን ሰዎች አንድ ፕሮግራም ሙዚቃ እያጫወተ ሳለ ሌላው «መሣሪያው ተይዟል» ብሎ ሲመልሰን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ፐልስኦዲዮ ብዙ ፕሮግራሞች አንዱን ካርድ እንዲጋሩ አደረገ። የድምፅ ባለሙያዎች ደግሞ ፖል ዴቪስ የጀመረውን ጃክን ይመርጡ ነበር፤ ምክንያቱም የአንዱን ፕሮግራም መውጫ ከሌላው መግቢያ ጋር እንደ ሽቦ ማገናኘት ስለሚያስችል ነው። ሁለቱን አስታርቆ መጠቀም ግን ትዕግሥትን የሚፈታተን ሥራ ነበር፤ ስንት ሌሊት እንደወሰደብን አሁን ባናነሳው ይሻላል። ቤልጅየማዊው ዊም ታይማንስ ያዘጋጀው ፓይፕዋየር የሁለቱንም ተግባር በአንድነት ይሠራል። ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኡቡንቱም በ2022 ዋና የድምፅ አስተናጋጃቸው አድርገውታል።

በፓይፕዋየር ውስጥ የድምፅ ጉዞ የመስኖ ቦይን ይመስላል። ማይክሮፎኑ ምንጭ ነው፤ መቅረጫው ፕሮግራም ማሳው ነው፤ በመካከሉ ያለው ማጣሪያ ቦዩ ላይ የተገደበ ኩሬ ነው። ዋየርፕላምበር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ እንደ ውሃ አባት ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይደለድላል። ኢዚ ኢፌክትስ ሲከፈት የራሱን ሰው ሠራሽ ምንጭ ይፈጥራል፤ ይህም ምንጭ እንደ ነባሪ ምርጫ ከተያዘ፣ ማንኛውም አዲስ መቅረጫ ሳይጠየቅ ከእርሱ ይቀዳል። የእኛም ነገር ይኸው ነበር።

ደግነቱ ቦዩን በዓይን ማየት ይቻላል። ኪው-ፒ-ደብልዩ-ግራፍ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ስንከፍት እያንዳንዱ ምንጭና ተቀባይ በሣጥን ተመስሎ ይታያል፤ መውጫዎቹ በሣጥኑ ቀኝ፣ መግቢያዎቹ በግራ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው የተዘረጋው መስመር ድምፁ የሚሄድበት መንገድ ነው። ከማጣሪያው ወደ መቅረጫው የሚሄደውን መስመር መርጦ መሰረዝ፣ ከዚያም ከማይክሮፎኑ መውጫ አዲስ መስመር በማውስ ስቦ ከመቅረጫው መግቢያ ማድረስ ነው። ሁለት ነገሮች ጀማሪን ያደናግራሉ። አንደኛው፣ እንደ ኦዳሲቲ ያለ መቅረጫ ሥራ ካልጀመረ በቀር ሣጥኑ አይታይም፤ ስለዚህ ለሙከራ መቅረጽ መጀመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ መቅረጫው ቆሞ እንደገና ሲነሣ ዋየርፕላምበር ወደ ቀድሞው ድልድል ሊመልሰው ይችላል። መስመሩን ብቻ ቀይረን ሁለተኛ ጊዜ የተታለልነው በዚህ ነው። በመሆኑም በፓቩኮንትሮል ወይም በዴስክቶፑ የድምፅ ማስተካከያ ገብቶ ነባሪውን ምንጭ ራሱን ወደ ማይክሮፎኑ መለወጥ ይገባል።

እግረ መንገዳችንን ስለ መዘግየትም እናንሳ። ፓይፕዋየር በተለመደው አሠራሩ በሰከንድ 48,000 ናሙና እየወሰደ በ1,024 ናሙና ጥቅል ያጓጉዛል። አንዱ ጥቅል 1,024 ሲካፈል ለ48,000፣ ማለትም 21 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ በአየር ውስጥ 7 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የገዛ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የሚዘምር ሰው ከሰባት ሜትር ርቀት የሚመጣ ያህል ይሰማዋል። ጥቅሉን ወደ 128 ብናወርደው ርቀቱ ከአንድ ሜትር ያንሳል፤ የኮምፒውተሩ ድካም ግን ይጨምራል። ለእኛ ዓይነት ቅጂ መዘግየቱ ምንም አይጎዳም፤ የሚጠፋ ናሙና የለምና። በነገራችን ላይ ወለቃ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ በመሆኗ ድምፅ እዚያ ቀስ ብሎ ይሄዳል ብለው በፈተና የሚጽፉ ተማሪዎች አሉን። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊትና እፍጋት አብረው ስለሚቀንሱ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው በዋናነት ሙቀቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካፍማን ሸለመይ በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ በቴፕ ቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናስብ የእነዚያ ቅጂዎች ዋጋ ይገባናል። የዚያ ዘመን ቴፕ ጉድለት ነበረበት፤ ይሽሽ ይላል፣ ክሩ ይሳሳል። የቱ ድምፅ እንደሚያስፈልግ ግን ለራሱ አይወስንም ነበር።

በሳምንቱ ወደ ወለቃ ተመለስን። በዚህ ጊዜ ከመጀመራችን በፊት ሣጥኖቹንና መስመሮቹን አየን፤ አንድ ጀበና መትተን ቀርጸን እዚያው አዳመጥን። ቅጂው እንዳሳየን ደኅናው ጀበና ሲመታ ጥቂት ጎላ ያሉ ድግግሞሾች ለጥቂት ጊዜ ይቆያሉ፤ የተሰነጠቀው ግን ወዲያው ይሞታል። የስንጥቁ ሁለት ፊቶች እርስ በርስ ሲፋተጉ የንዝረቱን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጡታልና። የግንቡ ጥንካሬም ስለሚቀንስ ድግግሞሹ ዝቅ ይላል። «ድምፁ ይታፈናል» ያሉን ይኸው ነው።

ከዚያም የአምስት ጀበናዎችን ድምፅ ቅደም ተከተሉን አቀያይረን በጆሮ ማዳመጫ አሰማናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ አራተኛው ላይ እጃቸውን አነሡ። ልክ ነበሩ። ያን ያጠራጠራቸውን ትልቅ እንስራ እንዲመቱልን ስንጠይቃቸው ግን ሳቁብን፤ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ተሽጧል።