የመስማት መርጃ መሣሪያ መጠባበቂያ ባትሪ አያያዝ

የመስማት መርጃ መሣሪያ የሚጠቀም ሕሙም ወደ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ባትሪው ቢያልቅበት፣ የሚታዘዝለትን መድኃኒት መጠንና ሰዓት በአግባቡ ሳይሰማ ሊመለስ ይችላል። አስታማሚው እየጮኸ የሚነግረውንም ቢሆን ግማሹን በግምት ነው የሚቀበለው። መንገድ ሲያቋርጥ ደግሞ የመኪና ጡሩምባ አይሰማውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያው የዓለም የመስማት ሪፖርት መሠረት፣ የተሐድሶ አገልግሎት የሚያስፈልጋቸው የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች ወደ 430 ሚሊዮን ይጠጋሉ። መሣሪያውን ለማግኘት የታደሉት ጥቂቶች በባትሪ አያያዝ ጉድለት ሳይጠቀሙበት መዋላቸው የሚያስቆጭ ነው።

በቅርብ ዓመታት በኤሌክትሪክ የሚሞሉ መሣሪያዎች የተበራከቱ ቢሆንም፣ የመብራት መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ለሚኖር ሰው የሚቀየር ባትሪ አሁንም የራሱ ብልጫ አለው። ይህ ባትሪ የዚንክ-አየር ባትሪ ይባላል። መጠኑ በቁጥርና በቀለም የሚለይ ሲሆን፣ 10 ቁጥር ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ደግሞ ሰማያዊ ነው። በውስጡ የዚንክ ዱቄትና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ አልካሊ ይገኛል። ከተራው የባትሪ ድንጋይ የሚለየው ኃይል ለማመንጨት ኦክስጅንን ከአየር የሚወስድ በመሆኑ ነው። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ባለቀለም ልጣፍ የአየር ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን፣ ልጣፉ እስካልተነሣ ድረስ ባትሪው እንደተኛ ይቆያል። ከተነሣ በኋላ ግን መልሶ መለጠፍ ፋይዳ የለውም፤ መሣሪያው ውስጥ ባይገባም እንኳ ኃይሉ እየተሟጠጠ ይሄዳል። ስለሆነም «ለመንገድ እንዲመቸኝ» ብሎ ልጣፉን አስቀድሞ ማንሣት ባትሪውን ማባከን ነው።

ልጣፉ ከተነሣ በኋላ ከ1 እስከ 5 ደቂቃ አየር እንዲያገኝ ትቶ መሣሪያው ውስጥ ማስገባት ይገባል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ አለመቸኮሉ ይመረጣል። ይህ ማለት ግን ባትሪው በደጋ አይሠራም ማለት አይደለም።

የዚህ ባትሪ ሌላው ጠባይ እስከ መጨረሻው ድረስ ጉልበቱ ሳይቀንስ ቆይቶ በድንገት መድከሙ ነው። መሣሪያው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ካሰማ በኋላ የሚቀረው ጊዜ አጭር በመሆኑ፣ ለሁለቱም ጆሮ የሚበቃ ቢያንስ አንድ ጥንድ መጠባበቂያ ሳይዙ ከቤት መውጣት አይበጅም። ባትሪው እንደ መጠኑ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚያገለግል ስለሆነ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚጓዝ ሰው የሚቆይበትን ቀን አስልቶ በቂ መያዝ ይኖርበታል። በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ በእጅ ሻንጣው ይያዘው።

አያያዙን በተመለከተ ከሁሉ የሚሻለው የራሱ ማሸጊያ ነው። እናቶቻችን ሳንቲም በሚቋጥሩበት መቀነት ወይም ቁልፍና ሳንቲም ባለበት ኪስ ውስጥ ልቅ ባትሪ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ብረት ሁለቱን ዋልታዎች ሲያገናኝ ባትሪው ይግላል፣ ኃይሉም ባክኖ ያልቃል። ብዙዎች እንደ ክትባት ይቆይልናል በማለት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡታል። ይህም ስሕተት ነው፤ ከቅዝቃዜ ሲወጣ የሚቋጥረው እርጥበት ይጎዳዋል። ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ መተውም እንዲሁ ነው። በቤት ውስጥ ሙቀትና በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ በቂ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ባትሪን ከመድኃኒት ጋር ማስቀመጥ ነው። ፋርማሲዎች እንክብል በሚሰጡባት ትንሽ ከረጢት ባትሪ የሚይዙ አዛውንቶች አሉ። ዓይናቸው የደከመ እንደሆነ ባትሪውን ከኪኒን መለየት ያዳግታቸዋል። ሕፃናትም የሚያብረቀርቅ ነገር ወደ አፋቸው መስደዳቸው የታወቀ ነው። ባትሪው የጉሮሮ ቧንቧ ላይ ከተቀረቀረ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ፍሰት በአካባቢው ጠንካራ አልካሊ ስለሚያመነጭ፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። የተዋጠ እንደሆነ ሳያስመልሱና ምግብ ሳይሰጡ፣ የራጅ ምርመራ ወዳለበት ሆስፒታል በአስቸኳይ መውሰድ ያስፈልጋል። ልጁ ደህና መስሎ መታየቱ ሊያዘናጋ አይገባም። ያለቀ ባትሪም ጉዳት ስለሚያደርስ ከሕፃናት እጅ ይራቅ፤ ለልጆች በሚሰጥ መሣሪያም ላይ የባትሪው ክዳን መቆለፊያ ያለው እንዲሆን ወላጆች ባለሙያውን ይጠይቁ።

ባትሪው አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ የገባ እንደሆነ ደግሞ የጆሮ ጠብታም ሆነ ዘይት ወይም ውኃ መጨመር አይገባም። ፈሳሹ ቃጠሎውን ያባብሰዋልና፣ በአስቸኳይ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ወይም በአቅራቢያ ያለ ሆስፒታል ሊያወጣው ይገባል።