«ስሊም» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ስሊም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ንግግራችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ወጣቶች «ስሊም ሆነሻል» ሲባባሉ እንሰማለን። ነገር ግን ቃሉን «ቀጭን» ብሎ ብቻ መተርጎም በቂ አይደለም። ያለ ቦታው ከገባ ሰውን ያስከፋል፣ ሐኪም ፊት ደግሞ ያሳስታል።

በእንግሊዝኛ ስለ ሰው ቅጥነት ሲነገር ሦስት ቃላት በብዛት ይሰማሉ። «ቲን» በደፈናው ቀጭን ማለት ነው። «ስሊም» ምስጋና ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሸንቃጣ እንደምንለው፣ ቀጥኖ ያማረን ሰው ይገልጻል። «ስኪኒ» ግን ቆዳ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ከሲታ፣ ቆዳና አጥንት ብቻ የቀረው እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በቅርብ የማያውቁትን ሰው «ስኪኒ» ማለት ነውር ነው።

ለዕቃም ልዩነት አለ። ስልክ ወይም መጽሐፍ «ስሊም» ይባላል። የቀጠነ ወጥ፣ የሳሳ ፀጉር ወይም ስስ ጨርቅ ግን «ቲን» እንጂ «ስሊም» አይባልም።

ለባግሩት የሚዘጋጁ ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው ሌላም ትርጉም አለ። «ስሊም ቻንስ» ማለት የመነመነ ዕድል ማለት ነው፤ በዕብራይስጥ «ሲኩይ ካሉሽ» የሚባለው ነው። የሚገርመው «ፋት ቻንስ» ማለትም ቃል በቃል «ወፍራም ዕድል» የሚለው አነጋገር፣ በማሾፍ ስለሚነገር፣ ያው ዕድል የለም ማለት ነው። «ስሊም ማጆሪቲ» ደግሞ ጠባብ ብልጫ ነው። በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የእስራኤል መንግሥት ከ120 የክነሴት መቀመጫዎች 61 ብቻ ይዞ መነሣቱ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዘመን ከሆላንድ ቋንቋ ነው። ዛሬ በሆላንድኛ «ስሊም» ብልህ ማለት ሲሆን፣ የጀርመንኛው ዘመዱ «ሽሊም» ደግሞ መጥፎ ማለት ነው።

መልካም ቃል ሆኖ ሳለ የሞት ስም የሆነበት ጊዜም ነበር። በ1980ዎቹ በኡጋንዳ ሰዎች ከስተው ከስተው የሚሞቱበትን አዲስ በሽታ ሕዝቡ «ስሊም» ብሎ ጠራው። በ1985 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በዚሁ ስም ተጻፈበት። በሽታው ኤድስ ነበር።

ይህ ወደ እኛው ጉዳይ ይመልሰናል። በእስራኤል «ራዚት» ማለትም «ቀጠንሽ» ብዙውን ጊዜ ሙገሳ ነው። በእኛ ባህል ግን «ምነው ከሳሽ?» የሚለው ጥያቄ «አመመሽ ወይ?» ማለት ነው። እናት ለሐኪም «ከሳሁ» ስትል፣ የሚያስተረጉምላት ልጅ «ስሊም ሆናለች» ወይም «ራዝታ» ብቻ ካለ፣ ጭንቀቷ እንደ መልካም ዜና ሊሰማ ይችላል። ትክክለኛው አባባል «ያራድቲ ባሚሽካል ብሊ ካቫና» ማለትም «ሳላስብበት ክብደቴ ቀነሰ» ነው። ስንት ኪሎ፣ በስንት ወር እንደሆነም መናገር ያስፈልጋል። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሳይፈልግ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ 3 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ ሐኪም ሊመረምረው ይገባል።

እንግዲህ ሸንቃጣውን «ስሊም» ብለን እናመስግን። የከሳውን ግን ምን እንደሆነ እንጠይቀው።