ደም ከማቅጠን ያለፈው ፕሮቲን ሲ

ፕሮቲን ሲን ጉበት ይሠራዋል፤ ሲነቃ አምስተኛውንና ስምንተኛውን የመርጊያ ፋክተር ቆራርጦ ደም ያለቦታው እንዳይረጋ ይከላከላል። ለእኔ ግን ይበልጥ የሚደንቀው ሁለተኛ ሥራው ነው። የተጎዳ ሕዋስ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል፤ የነቃው ፕሮቲን ሲ ደግሞ በደም ሥር የውስጥ ግድግዳ ላይ ያለውን ፓር-1 የተባለ ተቀባይ ቆርጦ ያንን ሞት ሊያስቀር ይችላል። ደም አርጊው ትሮምቢንም ይህንኑ ተቀባይ ይቆርጣል፤ እሱ የሚቆርጠው 41ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ሲሆን፣ ሕዋስ አዳኙ ምልክት የሚነሳው 46ኛው ላይ ሲቆረጥ ነው። በአምስት አሚኖ አሲድ ርቀት አንድ በር ሁለት ቤት ይከፍታል!

«ሕዋሱ የሚተርፈው ደሙ ስለቀጠነ ቢሆንስ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ 3ኬ3ኤ የተባለው የተሻሻለ የነቃ ፕሮቲን ሲ ዓይነት ነው፤ ደም የማቅጠን አቅሙ ከ10 በመቶ በታች ወርዶም ሕዋስ ያድናል። ለሴፕሲስ (ኢንፌክሽን ለሚቀሰቅሰው አደገኛ የሰውነት ምላሽ) የቀረበው ዚግሪስ የተባለ መድኃኒት ግን ያልተሻሻለው ዓይነት ነበር፤ ደም ያፈስስ ነበር፣ በመጨረሻው ትልቅ ሙከራም ሞት ስላልቀነሰ በ2011 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ።