በአንድ ስም የተጠሩ ዝነኛ ቻይናውያን

የኮንፊሽየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ዜንግ ሼን ፌይ በምትባል አገር ሲኖር፣ በዚያችው አገር ስሙም የዘሩ መጠሪያም ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ሰው ነፍስ አጠፋ። ወሬ አቀባይ ወደ እናቱ ሮጦ ሄዶ ዜንግ ሼን ሰው መግደሉን ቢነግራት፣ በሽመናዋ ላይ የነበረችው እናት ልጇ ይህን እንደማያደርግ ተናግራ ሥራዋን ቀጠለች፤ ሁለተኛው መጥቶ ያንኑ ቢደግምላትም እጇ ከሥራዋ አልተፈታም፤ ሦስተኛው መጥቶ ያንኑ ቃል በነገራት ጊዜ ግን ልቧ ከዳት፤ መወርወሪያዋንም ወርውራ፣ አጥር ዘልላ ሸሸች። ይህን ታሪክ ጋን ማው የተባለው ሹም፣ ወደ ጦር ሜዳ ሊዘምት በተነሣ ጊዜ፣ በኋላው የሚነዛውን ሐሜት እንዳይቀበልበት ለቺን ንጉሥ ለዉ እንደ ምሳሌ እንደነገረው ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያም ወዲህ «ዜንግ ሼን ሰው ገደለ» ማለት በቻይናውያን አፍ ሐሰተኛ ወሬ በመደጋገም እውነት መስሎ የሚታይበትን ጉዳይ ሁሉ የሚገልጽ ብሂል ሆነ።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ የሐሜትን ክፋት ለማስተማር ያነሡታል፤ ዳሩ ግን ሐሜቱ ሊበቅል የቻለው ሁለት ሰዎች አንድ ስም ስለ ነበራቸው መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ወሬ አቀባዮቹ አልዋሹም፤ በርግጥ ዜንግ ሼን የሚባል ሰው ነፍስ አጥፍቷል፤ የጎደለው ነገር የትኛው ዜንግ ሼን እንደሆነ የሚለይ አንድ ቃል ብቻ ነበር። በአማርኛችን ሞክሼ የምንለው የስም አንድነት በብዙ አገር ለጨዋታና ለወዳጅነት ምክንያት ሲሆን፣ በቻይና ግን ከጥንት ጀምሮ የታሪክ ጸሐፊዎችን፣ የነገሥታትንና የዳኞችን አእምሮ ያስጨነቀ ጉዳይ ሆኖ የኖረው፣ የአንዱ በደል በሌላው ራስ ላይ እንዳይወድቅ፣ የአንዱም ክብር ለሌላው እንዳይሰጥ መጠበቅ የፍትሕ ሥራ ስለሆነ ነው።

የሞክሼነት ምንጭ

የእኛ አገር ሰው የራሱን ስም አስቀድሞ የአባቱን ስም ያስከትላል፤ ቻይናዊ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረደውን የዘር ስም አስቀድሞ የራሱን ስም በመጨረሻ ይጠራል። እነዚህም የዘር ስሞች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘኑ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት መጀመሪያ የተዘጋጀው፣ ለብዙ መቶ ዓመታትም ሕፃናት ንባብ ሲማሩ በቃላቸው ያጠኑት የነበረው «የመቶ ቤተሰብ ስሞች» የተባለው መጽሐፍ፣ ርእሱ መቶ ይበል እንጂ አምስት መቶ ያህል የዘር ስሞችን የያዘ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የነገሠው ቤተሰብ ስም ዣው ስለ ነበረ እርሱን በመጀመሪያ ያስቀምጣል። ዛሬ በሕዝብ ብዛት የሚቀድሙት ዋንግ፣ ሊ እና ዣንግ ናቸው፤ እነዚህ ሦስቱ እያንዳንዳቸው መቶ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚጠራባቸው ሲሆኑ፣ ከመላው ሕዝብ ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህሉ በመቶ የዘር ስሞች ብቻ ተጠቃልሎ ይገኛል።

የዘር ስም እንዲህ ጥቂት ከሆነ ሰውን ከሰው የሚለየው የግል ስሙ ይሆናል፤ እርሱም አንድ ወይም ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ9 እስከ 23 ዓመት የገዛው ዋንግ ማንግ ባለ ሁለት ፊደል ስም ከሥርዓት ውጭ ነው ብሎ ስለ ከለከለ፣ ከእርሱ በኋላ በመጡት ትውልዶች የታላላቅ ሰዎች ስም አብዛኛው ባለ አንድ ፊደል ሆኖ ይታያል፤ የሦስቱ መንግሥታት ዘመን ጀግኖች ሊዩ ቤይ፣ ጓን ዩ፣ ዣንግ ፌይና ሳው ሳው ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ይህ ልማድ በሃያኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ተመልሶ በመስፋፋቱ፣ «ታላቅ» የሚል ትርጓሜ ያለውን ዌይ የተባለውን ስም ከዣንግ ጋር አጣምረው ዣንግ ዌይ ተብለው የሚጠሩት ሰዎች ብቻ ወደ ሦስት መቶ ሺህ ተጠግተዋል። ዘመኑም ራሱ ስም አውጪ ይሆናል፤ የሕዝባዊት ሪፐብሊክ መንግሥት በታወጀበት በ1949 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግድም ከተወለዱት ወንዶች ብዙዎቹ «አገር ገንባ» የሚል ትርጓሜ ያለው ጂያንጉዎ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የቋንቋው ጠባይ አለ። የቻይና ዋና ቋንቋ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ካልተቆጠረ አራት መቶ ያህል ክፍለ ቃላት ብቻ ሲኖሩት፣ ፊደሎቹ ግን ብዙ ሺዎች ናቸው፤ ስለዚህም በአንድ ድምፅ የሚነበቡ፣ በመልክና በትርጓሜ የሚለያዩ ፊደላት ተትረፍርፈዋል። ይህ ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ሞክሼ የምንላቸው ፊደላት አሉንና። ሰአለ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ለመነ፣ ሠዐለ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ሥዕል ሣለ ማለት መሆኑን የግእዝ ተማሪ ያውቃል፤ ጆሮ ያልለየውን ዓይን ይለየዋል። እንግዲህ የቻይና ሞክሼዎችም ሁለት ወገን ናቸው፤ አንደኞቹ በፊደልም በድምፅም አንድ የሆኑት ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ በድምፅ ብቻ ተመሳስለው በፊደል የሚለያዩት ናቸው።

የጥንት ሞክሼዎች

በፊደልም በድምፅም አንድ ከሆኑት ሁሉ የላቀ ዝና ያላቸው ሁለቱ ሃን ሺኖች ናቸው። አንደኛው በሁዋይዪን በድህነት ያደገ፣ ኋላም ሊዩ ባንግ ተቀናቃኞቹን ድል ነሥቶ የሃንን ሥርወ መንግሥት እንዲያቆም ያስቻለው ታላቁ የጦር አለቃ ነው። ሁለተኛው የቀድሞዎቹ የሃን ነገሥታት ተወላጅ ሲሆን ያንኑ ሊዩ ባንግን አገልግሎ የንጉሥነት ማዕረግ ተቀበለ፤ ቆይቶ ግን በሰሜን ከነበሩት ከሺዮንግኑ ዘላኖች ጋር ተባበረ። ሁለቱ በአንድ ዘመን ኖሩ፤ አንድ ጌታ አገለገሉ፤ ሁለቱም በዐመፅ ተከሰሱ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 ዓመትም በአንድ ዓመት ሞቱ፤ የመጀመሪያው በእቴጌ ሉ ትእዛዝ በቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደለ፤ ሁለተኛው በጦር ሜዳ ወደቀ። የቻይና ታሪክ አባት የሚባለው ሲማ ቺየን ለእያንዳንዳቸው የተለየ ታሪክ ከመጻፉ በላይ፣ አንዱን «የሁዋይዪን መስፍን»፣ ሌላውን «የሃን ንጉሥ ሺን» እያለ በመጥራቱ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው እንኳ እንዳይሳሳት አደረገ። ይህ ንጉሥ የተሾመበት የሃን አገርና ሊዩ ባንግ ያቆመው የሃን ሥርወ መንግሥት ራሳቸው በፊደል የሚለያዩ መሆናቸውን ስንጨምርበት፣ በእኛ ጽሕፈት አንድ መስሎ የሚታየው ነገር በቻይንኛው ምን ያህል የተለያየ እንደሆነ ይገለጣል።

በሦስቱ መንግሥታት ዘመን ደግሞ ማ ዦንግ የሚባሉ ሁለት የጦር ሰዎች በአንድ ትውልድ ተነሥተው ነበር። አንደኛው ለዉ መንግሥት ሲዋጋ ስመ ጥሩውን ጓን ዩን የማረከ ነው፤ ሌላው የሹ መንግሥት አለቃ ሆኖ በደቡብ ያሉትን አውራጃዎች ያጸና ነው። ጓን ዩ የሹ ጀግና ስለሆነ፣ ሁለቱን ማ ዦንጎች የሚያደባልቅ አንባቢ የሹን ሰው ጀግናውን ለጠላት አሳልፎ ሰጠ ብሎ ይፈርድበታል፤ ይህም የዜንግ ሼን እናት ስሕተት ነው።

ባለቅኔዎችም ከዚህ አላመለጡም። በታንግ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ደዞንግ የመንግሥት ትእዛዛትን የሚያረቅ ጸሐፊ ሲሾም ሃን ሆንግ እንዲሆን ፈቀደ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የአውራጃ ገዥ የሆነ ሌላ ሃን ሆንግ ስለ ነበረ፣ ሹሞቹ ማንኛቸውን እንደ ፈለገ ቢጠይቁት፣ ንጉሡ ባለቅኔው ስለ ጸደይ የጻፈውን ግጥም በራሱ እጅ ጽፎ ለዚህ ሃን ሆንግ ይሰጥ ብሎ እንደ መለሰ ይተረካል። ሥራው ስሙን ሲመሰክርለት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ከዚያው ዘመን ሊ ዪ የተባለ ባለቅኔም በቤተ መንግሥት የሚያገለግል ሞክሼ ስለ ነበረው፣ ሰዎች እርሱን «የጽሕፈቱ ሊ ዪ» ብለው ይለዩት ነበር።

በድምፅ ብቻ ከሚገናኙት ውስጥ፣ የሊዩ ባንግ አማካሪ የነበረው ጠቢቡ ዣንግ ሊያንግና ከእርሱ ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በኋላ የ«ቢጫ ጥምጣሞች» ዐመፅ ከመሩት ወንድማማቾች አንዱ የሆነው ዣንግ ሊያንግ ይገኛሉ፤ የታንጉ ባለቅኔና ሠዓሊ ዋንግ ዌይም ከእርሱ አስቀድሞ በአምስተኛው ምእት ዓመት ስለ ሥዕል ጥበብ ከጻፈው ከዋንግ ዌይ ጋር በጆሮ እንጂ በዓይን ሞክሼ አይደለም። በፈቃድ የሆነ ሞክሼነትም አለ፤ የሃን ዘመን ባለቅኔ ሲማ ሺያንግሩ የዣውን መንግሥት ክብር በድፍረቱ የጠበቀውን የቀድሞውን ሊን ሺያንግሩን ስላደነቀ የራሱን ስም ለውጦ የእርሱን ስም ወሰደ፤ ይህም ክርስቲያን በጥምቀት የጻድቅን ስም ለበረከት እንደሚቀበለው ያለ ነው።

ስሞችን የሰበሰበው ንጉሥ

ይህን ጉዳይ በመጽሐፍ መልክ ያጠናው የሊያንግ ንጉሠ ነገሥት የነበረው ሺያው ዪ ነው። በ508 ተወልዶ በ552 የነገሠው ይህ ሊቅ የጥንትና የዘመኑን ሞክሼዎች የሚዘረዝር መዝገብ አዘጋጀ፤ በታንግና በዩዋን ዘመንም ሌሎች ሊቃውንት ጨመሩበት። ንጉሡ ራሱ ግን ፍጻሜው የሚያሳዝን ነበር፤ በ554 ጠላት ዋና ከተማውን ጂያንግሊንግን በከበበ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ መቶ አርባ ሺህ ጥቅልል እንደ ነበረበት የሚነገርለትን ቤተ መጻሕፍቱን በእሳት አቃጠለ፤ ጥቂትም ሳይቆይ ተገደለ። ይሁን እንጂ ሰውን ከሰው ለመለየት የደከመበት ያ መዝገብ እስከ ዛሬ መትረፉ፣ ሥራው ከመንግሥቱ ይልቅ ዕድሜ እንዳገኘ ያሳያል።

በዘመናችን

ዛሬ ሞክሼዎች በብዛት ተገናኝተው የሚታዩት በስፖርት አደባባይ ነው። ሊ ና በሚለው ስም፣ በ2011 የፈረንሳይን፣ በ2014 የአውስትራሊያን ታላላቅ የሜዳ ቴኒስ ውድድሮች ያሸነፈችው ሊ ና አለች፤ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ከጓደኛዋ ጋር ከአሥር ሜትር ከፍታ ወደ ውሃ በመዝለል ወርቅ ያገኘችው ሊ ና አለች፤ በ1990ዎቹ ስለ ቲቤት አምባ ባዜመችው ዜማ አገሩን ሁሉ ካስደሰተች በኋላ ዝናዋን ትታ የቡድሃ መነኩሲት የሆነችው ድምፃዊት ሊ ናም አለች፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጻፉ ናቸው። በጠረጴዛ ቴኒስ በተከታታይ ሦስት ኦሊምፒኮች በነጠላ ውድድር የብር ሜዳልያ የወሰደው ዋንግ ሃውና በቼዝ የግራንድ ማስተርነትን ማዕረግ ያገኘው ዋንግ ሃውም እንዲሁ በፊደል አንድ ናቸው፤ በ2009 በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ20 ኪሎ ሜትር የእርምጃ ውድድር ሁለተኛ ሆኖ የገባው ዋንግ ሃው ግን ሃው የሚለው ፊደሉ ሌላ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሁለቱ ያንግ ያንጎች ታሪክ ነው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ብሔራዊ ቡድን፣ በአንድ የበረዶ መንሸራተቻ ውድድር የተገናኙት እነዚህ ሁለት ሴቶች በውጭ አገር መዝገብ ሊለዩ ስላልቻሉ፣ በኦገስት የተወለደችው ኤ፣ በሴፕቴምበር የተወለደችው ኤስ የሚል ፊደል በስማቸው ላይ ተጨመረላቸው፤ ቻይናውያን ግን ትልቋ ያንግ ያንግና ትንሿ ያንግ ያንግ ይሏቸዋል። ትልቋ በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ለቻይና የመጀመሪያውን የክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘች፤ በዚያው ጊዜ በተደረገው የ1,000 ሜትር ውድድር ደግሞ እርሷ ወርቁን፣ ትንሿ ነሐሱን ወስደው በአንድ የሽልማት መድረክ ላይ አብረው ቆሙ።

የመለያው ብልሃት

ቻይናውያን ለዚህ ችግር ብዙ መፍትሔ ሲፈልጉ ኖረዋል። በጥንት ዘመን ወንድ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ሌላ የክብር ስም ይወጣለት ነበር፤ ባለቅኔው ሃን ሆንግ ጁንፒንግ የሚባል እንዲህ ያለ ስም ነበረው። ጸሐፊዎችም ሰውን ከትውልድ አገሩ፣ ከሹመቱ ወይም ከሙያው ጋር አያይዘው ይጠሩ ነበር። ዛሬ መንግሥት ለእያንዳንዱ ዜጋ ባለ 18 አኃዝ የመታወቂያ ቁጥር ሰጥቷል። በሳይንስ መጽሔቶች ላይ የቻይናውያን ስም በላቲን ፊደል ሲታተም የብዙ ተመራማሪዎች ሥራ ተደባልቆ ይገኛል፤ ይህን የመሰለውን ችግር ለማቃለል በ2012 ኦርኪድ የተባለ ለየተመራማሪው የራሱን ባለ 16 አኃዝ መለያ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መዝገብ ተቋቋመ፤ አንዳንድ የፊዚክስ መጽሔቶችም ደራሲዎች ስማቸውን በገዛ ፊደላቸው ጭምር እንዲያሳትሙ ፈቀዱ።

ቁጥር ሰውን ይለያል እንጂ ማንነቱን አይናገርም፤ የሁዋይዪን መስፍን የሚለው አጠራር ግን አገሩንም ማዕረጉንም በአንድነት ያስረዳል። እኛም የቻይናን ታሪክ፣ ንግድና ዜና በግእዝ ፊደል የምንጽፍ ሰዎች፣ ፊደላችን የቻይንኛውን የድምፅ ከፍታና ዝቅታም ሆነ የፊደሉን ትርጓሜ የማይዝ ስለሆነ፣ ሳናውቀው ብዙ ሞክሼዎችን የምንፈጥር መሆናችንን ልናስብ ይገባናል። ስለዚህ ዋንግ ዌይ ብለን ስንጽፍ ዘመኑን፣ አገሩን፣ ሙያውን አንድ ቃል ጨምረን ብንጽፍ ድካሙ ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ያች እናት መወርወሪያዋን ጥላ የሸሸችው ይህችን አንዲት ቃል የሚነግራት ሰው ስላጣች ነበርና።