ከንፈር የሚያሞጠሙጡ ድምፆች

መገናኛ፣ መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ የረዳቶችን አፍ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጩኸቱ ባይሰማም «ጎሮ» የሚለው «ገርጂ» ከሚለው ይለያል። አንደኛው ከንፈሩን እንዳሞጠሞጠ ጀምሮ እንዳሞጠሞጠ ይጨርሳል፤ ሌላው አንዴም ክብ አያደርገውም። «ቦሌ» የሚለው ደግሞ ከንፈሩን ገጥሞ ይነሣና ያሞጠሙጣል፤ «ሌ» ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይለጥጠዋል።

ከሰባቱ የአማርኛ አናባቢዎች ከንፈር የሚያሞጠሙጡት ካዕቡ «ኡ» እና ሳብዑ «ኦ» ናቸው። ሁለቱም ምላስ ወደ ኋላ ሸሽቶ የሚነገሩ ናቸው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ምላስ ሲሸሽ ከፊቱ ያለው የአፍ ክፍተት ይሰፋል፤ ከንፈር ክብ ሲሆን ክፍተቱ ይረዝማል፣ መውጫውም ይጠባል። ሁለቱ ተባብረው ድምፁን ስለሚያወፍሩት «ኡ» ከ«ኢ»፣ «ኦ» ከ«ኤ» ርቆ ይሰማል። አብዛኞቹ የዓለም ቋንቋዎችም እንዲሁ ናቸው። ፈረንሳይኛ ግን ምላስን ከፊት አቁሞም ከንፈርን ያሞጠሙጣል። መሞከር ለሚፈልግ፣ «ኢ» እያሉ ምላስን ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርን ማሞጥሞጥ ነው። የእኛ አፍ ይህን አልለመደም፤ «ሾፌር» እና «ቢሮ» ከፈረንሳይኛ ሲገቡ «ኦ»ዋቸው እንዳለ ቆየ፣ እነዚያ እንግዳ አናባቢዎች ግን «ኤ» እና «ኢ» ሆነው ቀሩ።

አናባቢ በፊደላችን ላይ መታየት የጀመረው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቁኝ ግን ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ ናቸው። በእነዚህ ከንፈር የሚሞጠሞጠው ለተነባቢው ነው። ቈ፣ ቊ፣ ቋ፣ ቌ፣ ቍ ብለን ስንቆጥር አምስት ላይ እናቆማለን፤ ካዕብና ሳብዕ የላቸውም። «ኡ» እና «ኦ» ራሳቸው ከንፈር ስለሚያሞጠሙጡ የተነባቢው ክብነት እነርሱ ዘንድ ተለይቶ አይሰማም። ያልተሰማው አልተጻፈም። ይህን ሥርዓት ያቆሙት ሊቃውንት ጆሯቸው ምን ያህል ስል ነበር!

በዛሬው አማርኛ ይህ ክብነት ከተነባቢ ወደ አናባቢ፣ ከአናባቢም ወደ ተነባቢ ይሻገራል። «ቈጠረ» እና «ቆጠረ»፣ «ጐንደር» እና «ጎንደር» አፍ ላይ አንድ ናቸው፤ «ወርቅ»ም በብዙዎቻችን አፍ ወደ «ዎርቅ» ይጠጋል። በተቃራኒው «ሮጠ» ብለን «ሯጭ»፣ «ሞተ» ብለን «ሟች»፣ «ቆመ» ብለን «ቋሚ» እንላለን። «ኦ» ቦታውን ለ«ኣ» ሲለቅ ክብነቱ አብሮት አይጠፋም፤ ከፊቱ ያለው ተነባቢ ይረከበዋል።

እነዚህ ፊደላት ዲቃላ ተብለው ከገበታው ጥግ መጣላቸው ያሳዝነኛል። ልጆች መስታወት ይዘው በራሳቸው ከንፈር ላይ ቢማሯቸው ምንኛ በቀለላቸው! አንዳንዱ «ሩዋጭ» ብሎ ሲጽፍ «ሯ»ን ሁለት ቀለም ያደርገዋል። አፍ ግን በአንድ ቀለም ነው የሚለው፤ «ር» ተብሎ ሳያልቅ ከንፈር ሞጥሙጧል።