«ምነው ከሳሽ፤ አመመሽ እንዴ?»

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላም ስትባባሉ አንዷን እህት «ወፈርሽ፣ ጌታ ይመስገን!» ብላችኋት ይሆን? እኔ ብያለሁ፤ እኔም ተብያለሁ። በእኛ ዘንድ መወፈር የምስጋና ርእስ ነው። ቤቷ ሞልቷል፣ ባሏ ይወዳታል፣ ሐሳብ የለባትም ማለት ነው። መክሳት ግን ያስጠረጥራል። ኤች አይ ቪ ብዙዎችን በወሰደባቸው ዓመታት የከሳ ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ይታይ ነበርና ያ ፍርሃት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀንም።

ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ክብደቴ 80 ኪሎ ገባ። ሐኪም እንድቀንስ መከረኝና ማለዳ ማለዳ ብቻዬን መራመድ ጀመርኩ። ቅቤና ስኳርም ቀነስኩ። በጥቂት ወራት ውስጥ 4 ኪሎ ስቀንስ «ምነው ከሳሽ፤ አመመሽ እንዴ?» የማይለኝ ጠፋ። አንዳንዶችም «ፓስተሩ ቤት ሰላም የለም መሰለኝ» ማለታቸውን ሰማሁ። አፈርኩ። መራመዱን ተውኩት፤ የቀነስኩትንም ኪሎ ከነጭማሪው መለስኩት። ያን ጊዜ የተማርኩት ይህን ነው፤ በእኛ አገር ሰው ብቻውን አይወፍርም፤ ብቻውንም አይቀንስም።

ክብደትንና ካንሰርን ምን አገናኛቸው?

ውፍረት ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር እንደሚያያዝ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ስለ ካንሰር ግን ብዙም አንነጋገርም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምገማ፣ ከመጠን ያለፈ የሰውነት ስብ 13 ዓይነት ካንሰሮች የመያዝን አደጋ ከፍ እንደሚያደርግ አስታውቋል። ከእነዚህ መካከል የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚመጣ የጡት ካንሰር፣ የማሕፀን ግድግዳ፣ የትልቁ አንጀት፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የሐሞት ከረጢት ካንሰር ይገኛሉ። የጡት ካንሰር ደግሞ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው የካንሰር ዓይነት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በሰውነት ስብ ውስጥ ነው። ስቡ ሲበዛ ሆርሞኑም ይበዛል፤ ይህም የጡትና የማሕፀን ሕዋሳት ያለ ልክ እንዲራቡ ይገፋፋል። በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን መብዛቱም እንደዚሁ።

የምሥራቹ ግን ጥቂት መቀነስም ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። በአሜሪካ የወር አበባ ያቆሙ ከ61 ሺህ በላይ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ከክብደታቸው 5 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሱት ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ክብደታቸው ካልተለወጠው በ12 ከመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ለ80 ኪሎ ሴት 5 ከመቶ ማለት 4 ኪሎ ነው። እኔ በሰው አፍ ምክንያት መልሼ የጨመርኩት ያንኑ 4 ኪሎ ነበር!

የከተሞቻችን ነገር

«ውፍረት የአዲስ አበባ ሰው ችግር ነው» የሚል አይጠፋም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሴቶች በ1992 ዓ.ም. 3 ከመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 ከመቶ ደረሱ። በዚያው ዓመት በከተማ 21 ከመቶ ሲሆኑ በገጠር ግን 4 ከመቶ ነበሩ። ቡና ስትለቅም የምትውለው የገጠር እህታችን ቀኑን ሙሉ ትራመዳለች። እኛ የመቱ፣ የጎሬ፣ የሁሩሙና የያዮ ከተማ ነዋሪዎች ግን ለአጭር መንገድም ባጃጅ እንጠራለን። ጨጨብሳው በቅቤ፣ ሻዩ በስኳር፣ ከኅብረት በኋላ ደግሞ ለስላሳ ይቀርባል። አልበላም ያለች እንግዳ ባለቤቷን ታስቀይማለች።

ሕመሙ ከመጣ በኋላ ያለውንም መንገድ አስቡት። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዛሬ በጅማም መሰጠቱ እግዚአብሔርን የሚያስመሰግን ነው። ቢሆንም ከሚታከሙት የሚከላከሉት ይቀላል።

ዳንኤል ብቻውን አልነበረም

ዳንኤል አትክልትና ውኃ ብቻ ይሰጠን ብሎ ሲለምን ሦስት ወዳጆች አብረውት ነበሩ። አሥሩንም ቀን አራት ሆነው ተፈተኑ። «እነሱ እኮ በመጨረሻ ወፈሩ እንጂ አልከሱም!» ብላ ያሳቀችኝ እህት አለች። እውነቷን ነው። ቁም ነገሩ መቅጠን ሳይሆን ጤና ነው።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበረው ሪክ ዋረን በአንድ ቀን ከ800 በላይ ሰዎችን ሲያጠምቅ የምዕመናኑን ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር አስተዋለ። ከዚያም በመጀመሪያ የራሱን ውፍረት በጉባኤ ፊት ተናዘዘ። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 በዳንኤል ስም በተጀመረው ፕሮግራም ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በድምሩ ከ110 ሺህ ኪሎ በላይ መቀነሳቸው ተነግሯል። ትናንሽ የቤት ኅብረቶች የፕሮግራሙ ዋና ክፍል ነበሩ። እኛም እነዚህ ኅብረቶች አሉን! በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች «መንገድ ለሰው» ብሎ መንገዶችን ለእግረኞች መክፈቱ ይታወሳል።

እንዴት እንጀምር?

1. ከስድስት እስከ አሥር ሆናችሁ፣ ቢቻል ባልና ሚስት አብራችሁ ጀምሩ። ወገባችሁን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር ካለፈ አደጋው እየጨመረ ነው። ቁጥሩ በጉባኤ አይነገር።

2. በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ዝናቡና ጭቃው ሲበረታ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተንቀሳቀሱ።

3. የኅብረቱን ገበታ ለውጡ። በለስላሳ ፈንታ ውኃ፣ በኬክ ፈንታ ፓፓያና ሙዝ ይቅረብ። ቡናው ይፈላ፤ ስኳሩ ይቀነስ።

4. ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ቀጫጮች ክብደት ለመቀነስ አይሞክሩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሐኪም ያማክሩ።

ወንድሜ ሆይ፣ በሚስትህ ውፍረት አትቀልድ። ጫማህን አጥልቀህ «ነይ እንውጣ» በላት። የግማሽ ሰዓት መንገድ ልጆች ሳይሰሙ የምትነጋገሩበት ጊዜም ይሆናችኋል።

አደራ!

በካንሰር የታመመችን እህት «ስለ ወፈርሽ ነው» ወይም «እምነት አንሶሽ ነው» ብሎ መውቀስ ኃጢአት ነው። ቀጭን ሴትም ትታመማለች። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው በአብዛኛው ቫይረስ ነው፤ ለልጃገረዶች መከላከያ ክትባቱ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። በጡታችሁ ላይ እብጠት ካገኛችሁ ወይም ሳታስቡት ከከሳችሁ ጸልዩ፤ በዚያው ሳምንትም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ወይም ወደ ቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እኔ ዛሬ ከአምስት እህቶች ጋር እራመዳለሁ። ያ ጥያቄ አሁንም አልቀረም፤ መልሴ ግን ተለውጧል። «ምነው ከሳሽ፤ አመመሽ እንዴ?» ሲሉኝ «ደህና ነኝ፤ ነገ ማለዳ 12 ሰዓት ነይና አብረን እንራመድ» እላለሁ። ስድስተኛዋ እህት የመጣችው እንዲህ ተብላ ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!