የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው

«የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውን ተረት ሳትሰማ አላደግህም። እኔም በተማሪ ቤት ሳለሁ ይህን አባባል የሽማግሌዎች ማጽናኛ ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ሊቃውንት የሰውን አንጎል በመሣሪያ መርምረው ያገኙትን ካነበብሁ በኋላ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ።

ነገሩን በሩማንያ አገር በደረሰ ታሪክ ላስረዳህ። የአገሩ መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ የሕዝቡን ቁጥር ለማብዛት አስቦ፥ በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ፅንስ ማስወረድን በሕግ ከለከለ። ብዙ ድኾች ወላጆችም ሊያሳድጉት ያልቻሉትን ልጅ ለመንግሥት ማሳደጊያ አስረከቡ። በ1989 መንግሥቱ ሲወድቅ ከ100,000 በላይ ልጆች በነዚህ ቤቶች ተገኙ። ደኅና በሚባለው ቤት እንኳ፥ ሕፃናቱ ቢበሉና ቢታጠቡም፥ አንዲት ሞግዚት ለብዙዎች ስለ ነበረች፥ ሲያለቅሱ ብድግ አድርጎ የሚያቅፋቸው አልነበረም። ውሎ አድሮ ማልቀሱንም ተዉት።

በ2000 ቻርልስ ኔልሰን፥ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በቡካሬስት ከተማ 136 ሕፃናትን መከታተል ጀመሩ። አሳዳጊ ቤተሰቦችን መልምለው ግማሾቹን ልጆች በዕጣ ወደ ቤተሰብ አስገቡ፤ የቀሩት ባሉበት ቆዩ። ልጆቹ አራት ዓመት ተኩል ሲሞላቸው የማሰብ ችሎታቸው ተለካ። የማሳደጊያ ዕጣ የደረሳቸው በአማካይ 73፥ ቤተሰብ የደረሳቸው 81፥ ከመጀመሪያው በወላጆቻቸው ቤት ያደጉት ግን 109 አገኙ።

ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ደግሞ የአንጎላቸው የኤሌክትሪክ ሞገድ ተመረመረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት፥ ማሳደጊያ ገብተው ከማያውቁት ልጆች ጋር ተመሳሰሉ። ዘግይተው የወጡት ግን እዚያው ከቀሩት አልተለዩም።

ምክንያቱ ምንድር ነው? የሕፃን አንጎል ገና ተሠርቶ ያላለቀ ነው። ሕዋሳቱን የሚያያይዙት መስመሮች የሚጠነክሩት ሲሠሩ ነው፤ ይኸውም ሕፃኑ ሲያይ የሚያየው፥ ድምፅ ሲያሰማ የሚመልስለት ሰው ሲኖር ነው። ሰው የማይሄድበትን የእግር መንገድ ሣር እንደሚውጠው፥ ያልሠራ መስመርም ይጠፋል።

«እኔ ግን አድጌአለሁ» ትል ይሆናል። በ2006 የሥነ ልቡና ሊቁ ጄምስ ኮን ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣውን ጥናት ተመልከት። 16 ባለትዳር ሴቶች እግራቸውን ኤሌክትሪክ ሊነዝራቸው እንደሚችል ተነግሯቸው፥ አንጎላቸው በመሣሪያ ታየ። ብቻቸውን ሲሆኑ ሥጋትን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል በብርቱ ይሠራ ነበር። የማያውቁት ሰው እጃቸውን ሲይዝ ጥቂት በረደ፤ ባላቸው ሲይዛቸው ይበልጥ በረደ። በትዳራቸው ደስተኞች የሆኑትም ከሁሉ የበለጠ ዕረፍት አገኙ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የማይመልሰውን ተማሪ ቀድሞ ሰነፍ ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን ከትምህርት በኋላ ከማን ጋር እንደሚኖር እጠይቀዋለሁ። አንተም፥ አንባቢ ሆይ፥ ከአገርህ ርቀህ በኪራይ ቤት የምትኖር ከሆነ፥ ከጓደኛ ጋር የምታሳልፈውን ሰዓት እንደ ባከነ አትቁጠረው። ከሌላ ክልል ተዛውሮ እንደ መጣ ሰው በቢሮህ ብቻውን ምሳ የሚበላ ባልደረባ ካለም፥ ነገ ወንበርህን ወደ እርሱ ሳብ አድርግ።